ዘግይቶ የሚነሳ በረራ፦ በጎልማሳነት ፓይለት መሆን ምን ያስከፍላል?

ሰማዩ በጠራ ቀን በዋግ ኽምራ ደጋ ላይ ከፍ ብሎ የሚያልፍ አውሮፕላን ነጭ መስመር ጥሎ ይሄዳል። ከታች ከብት የሚጠብቅ ልጅ ቀና ብሎ መስመሩ እስኪበተን ድረስ ይከተለዋል። የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ሰቆጣ ከአዲስ አበባ ወደ 720 ኪሎ ሜትር በመኪና ትርቃለች። ለሰቆጣ መንገደኛ መደበኛ በረራ በቅርብ የሚገኘው በላሊበላ በኩል ነው፤ እዚያ ለመድረስም የሸንተረሩን መንገድ በመኪና መውጣትና መውረድ አለበት። በዚህ አገር ብዙ ሰው አውሮፕላንን ለዓመታት የሚያውቀው ከሥሩ ቆሞ ነው።

ይህ ዘገባ የሚያተኩረው ያ ልጅ አድጎ፣ ተምሮ፣ ሥራ ይዞ፣ ምናልባትም ትዳር መሥርቶ ሳለ ምኞቱ ባልለቀቀው ጊዜ በሚሆነው ነገር ላይ ነው። በ30ዎቹ ወይም በ40ዎቹ ዕድሜ ሙያ ለውጦ አብራሪ ለመሆን የሚነሳ ሰው ከገንዘቡ፣ ከጊዜው፣ ከጤናውና ከቤተሰቡ ምን ያህል እንደሚከፍል ከመነሻው ማወቅ አለበት።

በዋግና በአካባቢው አውሮፕላን ከመጓጓዣነቱ በፊት የሚታወሰው በጦርነትና በረሃብ ነው። በ1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት ሲቃረብ የንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሠፈር ኮረም አካባቢ ነበር። ስዊድናዊው አብራሪ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ለቀይ መስቀል ያበራት የነበረችውን የአምቡላንስ አውሮፕላን የጣሊያን አብራሪዎች ያወደሟት እዚያው ኮረም ሜዳ ላይ እንደቆመች ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ደግሞ ከዋግ ብዙ ሰው እህል ፍለጋ በእግሩ ወደ ኮረም ተሰደደ። ዓለምን ያስደነገጠው የቢቢሲ ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የተላለፈው ከዚያ ነበር። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ አውሮፕላኖችና የሌሎች አገሮች አብራሪዎች እህል ይዘው ወደ ሰሜን ተመላለሱ። መኪና በማይደርስባቸው ደጋማ ቦታዎች ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ ጆንያ ጣሉ።

ፎን ሮዘን ራሱ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ገና የ26 ዓመት ወጣት ነበር። ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ለአሥር ዓመት ያህል የኢትዮጵያን አየር ኃይል አደራጀ። እ.ኤ.አ. በ1974 የወሎ ድርቅ ሲበረታ ዕድሜው 65 ደርሶ ነበር፤ ያኔም በአነስተኛ አውሮፕላን እህል ከአየር ላይ ይጥል ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1977 በሶማሊያ ጦርነት ወቅት ጎዴ ላይ ተገደለ። በዚያ ዕድሜ መብረር የቻለው ሙያውን በ20ዎቹ ስለ ጀመረና የአየር መንገድ መንገደኛ ስላልጫነ ነው። ዛሬ ዘግይቶ የሚጀምር ሰው ሁለቱም ነገሮች የሉትም፤ ችግሩም ከዚህ ይነሳል።

በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ መሠረት የንግድ አብራሪ ፈቃድ ለማውጣት ዝቅተኛው ዕድሜ 18፣ ለአየር መንገድ ካፒቴንነት የሚያበቃው ከፍተኛ ፈቃድ ደግሞ 21 ነው። ለመጀመር የተቀመጠ የዕድሜ ጣሪያ የለም። ጣሪያው ያለው መጨረሻው ላይ ነው። ሁለት አብራሪ ባለበት ዓለም አቀፍ የንግድ በረራ ላይ አንድ ሰው መሥራት የሚችለው 65 ዓመት እስኪሞላው ብቻ ነው። ብቻውን የሚያበር ከሆነ ደግሞ ገደቡ 60 ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2006 ድረስ የካፒቴኖች ገደብ 60 ስለነበር የአሁኑ ትውልድ አምስት ዓመት ተጨምሮለታል።

በእነዚህ ሁለት ገደቦች መካከል ያለውን ዘመን ማስላት ይቻላል። አንድ የሰቆጣ መምህር በ38 ዓመቱ ሥልጠና ጀመረ እንበል። መሠረታዊው ሥልጠና ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ለንግድ አብራሪ ፈቃድ 200 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል፤ በተፈቀደለት ትምህርት ቤት በተከታታይ ለሠለጠነ 150 ይበቃል። ከዚያ በረዳት አብራሪነት ተቀጥሮ ለከፍተኛው ፈቃድ የሚያስፈልገውን 1,500 ሰዓት በዓመታት ሥራ ይሞላል። ካፒቴን ለመሆን ደግሞ ልምድና ክፍት ቦታ መጠበቅ አለበት። የመጀመሪያዋ ሴት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በረዳት አብራሪነት የሠራችው ስምንት ዓመት ነው። መምህሩ በእሷ ፍጥነት ቢሄድ ካፒቴን የሚሆነው በ48 ዓመቱ ሲሆን፣ የሚቀረው ዘመን ከ17 ዓመት አይበልጥም። በ20ዎቹ መጀመሪያ የጀመረ የሥራ ባልደረባው ግን በዚያው ወንበር ላይ 30 ዓመት ሊቀመጥ ይችላል።

በአየር መንገድ ሥራ ውስጥ የቅጥር ቀን ትልቅ ክብደት አለው። በብዙ አየር መንገዶች የበረራ መርሐ ግብር፣ የእረፍት ጊዜ፣ የአውሮፕላን ዓይነትና የካፒቴንነት ዕድል የሚመደቡት በአገልግሎት ቅደም ተከተል ነው። በሌላ ሙያ 15 ዓመት ያገለገለ፣ ምናልባትም ርዕሰ መምህር የነበረ ሰው በዚህ ሰልፍ የመጨረሻው ይሆናል። ከእሱ በ12 ዓመት የሚያንስ ካፒቴን በግራ ወንበር ተቀምጦ ያርመዋል። በዕድሜ መከባበር በጠነከረበት ማኅበረሰብ ላደገ ሰው ይህን መቀበል ቀላል አይደለም። ለበረራ ደኅንነት ግን የግድ ነው፤ በአብራሪዎች ክፍል ውስጥ ኃላፊነት የሚወሰነው በወንበሩና በልምዱ ነው።

ዋግ ውስጥ "ዘግይቶ" የሚባለው ዕድሜ ከሌላው ቦታ ቀድሞ ይመጣል። የገጠር ልጅ ትምህርት የሚጀምረው እረኝነቱ ሲፈቅድለትና ትምህርት ቤቱ በእግር የሚደረስበት ሲሆን ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የዋግ ኽምራ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የዘገዩት ተማሪዎች በዚህም ላይ ተጨማሪ ዓመታት አጡ። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ጠባብ በር ሆኗል። በ2014 ዓ.ም. ፈተና በመላ አገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ሁሉ አልፎ ዲግሪ የሚይዝ የሰቆጣ ልጅ ከ25 ዓመት ሊያልፍ ይችላል። የሰልጣኝ ፓይለት ማስታወቂያዎች ደግሞ የዕድሜና የቁመት መስፈርት ያስቀምጣሉ። አዲስ አበባ ገና ወጣት የሚባል ሰው ከሰቆጣ ሲነሳ በሩ ሊዘጋ የቀረው ጊዜ ጥቂት ሊሆን ይችላል።

በሩ የተዘጋበት ሰው ምን ያህል ርቀት ሊሄድ እንደሚችል የአስመላሽ ዘፈሩ ታሪክ ይናገራል። አስመላሽ ከልጅነቱ ጀምሮ ፓይለት መሆን ይመኝ ነበር። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ተማረ፤ ከዚያም ወደ ኢትዮጵያ አየር መንገድ አቪዬሽን አካዳሚ አመለከተ። በአንድ ሴንቲ ሜትር ቁመት ምክንያት አልተቀበሉትም። ዓመታት አለፉ፤ እሱ ግን አልተወውም። የአውሮፕላን አሠራር መጻሕፍት አነበበ፣ የበይነ መረብ ቪዲዮዎች ተከታተለ፣ ከዚያም የራሱን አውሮፕላን መሥራት ጀመረ።

ሞተሩ የአሮጌ ቮልስዋገን ቢትል ነበር። ሌላውን ቁሳቁስ ካገኘው እያሰባሰበ ገጣጠመ። ሥራው 570 ቀን ፈጀ፤ ወጪውም ወደ 160,000 ብር ደረሰ። አውሮፕላኑን ኬ-570ኤ ብሎ ጠራው። ኬ የተባለው ለእናቱ ለኪሮስ ክብር ሲሆን 570 የደከመበት ቀን ቁጥር ነው። በ2007 ዓ.ም. ሰኔ ወር ለመብረር ሲሞክር ሞተሩ አካባቢ ብልሽት አጋጠመውና ሳይነሳ ቀረ። ያኔ ዕድሜው 35 ነበር።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ አስገራሚ ዜና ነው። ጠለቅ ብሎ ላየው ግን ውስጡ ከባድ ዋጋ አለ። የተማረ የጤና ባለሙያ 570 ቀን ጉልበቱንና ሐሳቡን ለአንድ ሞተር ሰጠ፤ ሌላው ሰው ለቤት መሥሪያ የሚያጠራቅመውን ገንዘብ ለብረትና ለእንጨት አዋለ። ደጋውም ቀላል ተፎካካሪ አልነበረም። ቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ሰቆጣም ከዚያ ብዙ አትርቅም። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ተጨማሪ አየር ማስገቢያ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። 40 የፈረስ ጉልበት ያለው የቢትል ሞተር ደጋ ላይ ወደ 30 ይወርዳል፤ ክንፉም ከሳሳ አየር በቂ ማንሻ ለማግኘት የበለጠ ፍጥነትና የበለጠ ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። የቦሌ ማኮብኮቢያ ከ3.5 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው በዚህም ምክንያት ነው።

በትምህርት ቤት በኩል የሚሄድ ሰው የሚገጥመው የመጀመሪያው ትልቅ ወጪ ሥልጠናው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የፓይለት ማሠልጠኛ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ለአገሪቱ አብራሪዎች ዋናው በርም እሱ ነው። በዚህ በር የሚገባ ሰልጣኝ ወጪውን በአገልግሎት ግዴታ ይመልሳል። ማሠልጠኛው ካስቀመጠው የዕድሜ ወሰን ውጪ የሆነ ሰው ግን የራሱን ኪስ ማየት አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ አቢሲኒያ የበረራ አገልግሎት ያሉ የግል ማሠልጠኛዎች ተከፍተዋል። በአሜሪካ ደግሞ ከዜሮ ተነስቶ የንግድ ፈቃድ የሚያስይዝ ሙሉ ሥልጠና በትላልቅ ትምህርት ቤቶች ከ100,000 ዶላር በላይ ያስከፍላል። ይህ ዛሬ በኢትዮጵያ ከ10 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። በመምህር ወይም በነርስ ደመወዝ የሚኖር ሰው ይህን በቁጠባ አይደርስበትም፤ ዕቁብም ቢሆን የሚሸፍነው ጥቂት ሰዓት ነው።

በውጭ አገር የሚኖር ሰው አንድ ተጨማሪ አማራጭ አለው። በአሜሪካ ትምህርቱን ቆራርጦ፣ ደመወዝ ሲገባ ጥቂት ሰዓት እየበረረ፣ ሲያልቅ እየቆመ መሄድ ይቻላል። ይህ መንገድ ዕዳን ይቀንሳል፤ ነገር ግን የተማሩት በመካከሉ ስለሚረሳ ሰዓት ይደገማል፣ ጊዜም ይረዝማል። ከንግድ ፈቃድ በኋላም 1,500 ሰዓት ለመሙላት ብዙዎች ለዓመታት የበረራ አስተማሪ ሆነው በዝቅተኛ ክፍያ ይሠራሉ። ለ22 ዓመት ወጣት ይህ ከወላጅ ቤት ወይም ከጓደኛ ክፍል ሆኖ የሚታለፍ ነው። ልጅ ለሚያሳድግ የ40 ዓመት ሰው ግን የኪራይ ቀን አይጠብቅም።

ሁለተኛው ዋጋ በሰውነት ላይ ነው። የአንደኛ ደረጃ የሕክምና ምስክር ወረቀት ያልያዘ ሰው በአየር መንገድ መንገደኛ ጭኖ አይበርም። በአሜሪካ ደንብ ከ40 ዓመት በታች የሆነ የአየር መንገድ ካፒቴን በዓመት አንድ ጊዜ ይመረመራል፤ 40 ሲሞላው ግን በየስድስት ወሩ ይሆናል። በዓለም አቀፉ ደንብ የመስማት ምርመራ እስከ 40 ዓመት በየአምስት ዓመቱ፣ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ ይደረጋል። የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ ደግሞ ከ50 ዓመት በኋላ በየዓመቱ ግዴታ ነው። መነጽር ማድረግ ከሙያው ያግዳል የሚለው እምነት ግን ትክክል አይደለም፤ እይታው በመነጽር ታግዞ በእያንዳንዱ ዓይን 6/9፣ በሁለቱ ዓይኖች በአንድነት ደግሞ 6/6 ከደረሰ በቂ ነው። ትልቁ ጭንቀት ሌላ ነው። በ40ዎቹ የሚመጣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም፣ ገንዘብና ዓመታት የፈሰሰበትን ፈቃድ ሊያሳግድ ይችላል።

ሦስተኛው አእምሮና ቋንቋ ላይ ነው። የአየር ሕግ፣ የአየር ጠባይ ጥናት፣ የበረራ አቅጣጫ ስሌት፣ የሞተር አሠራር ሁሉም በእንግሊዝኛ ይሰጣሉ። ዓለም አቀፍ በረራ ላይ የሚሠራ አብራሪ በሬዲዮ ቢያንስ አራተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ ብቃት ሊኖረው ይገባል። በዋግ ብዙ ልጆች አፋቸውን የሚፈቱት በኽምጣና ነው። አማርኛን ይጨምራሉ፣ እንግሊዝኛን ደግሞ በክፍል ውስጥ ይማራሉ። በሦስተኛ ቋንቋ፣ ፈጣን በሆነ የሬዲዮ ንግግር፣ በአደጋ ጊዜ በትክክል መመለስ በየትኛውም ዕድሜ ከባድ ነው። ጎልማሳ ተማሪ ሥነ ሥርዓትና ትዕግሥት ይዞ ይመጣል፤ አዲስ የእጅ ልማድ ለማዳበር ግን ከወጣቱ የበለጠ ድግግሞሽ ያስፈልገዋል። ድግግሞሹ ሰዓት ነው፣ ሰዓቱም ገንዘብ ነው።

አራተኛውና ብዙ ጊዜ ሳይቆጠር የሚቀረው ዋጋ በቤተሰብ ላይ የሚያርፈው ነው። በዋግ ደመወዝ የሚያገኝ የመጀመሪያ ልጅ ገንዘቡ የብቻው አይደለም። የእናትና የአባት ሕክምና፣ የታናናሾች ትምህርት፣ ዝናብ በጠፋበት ዓመት የእህል መግዣ ከዚያው ይወጣል። ሥራውን ለቆ ወደ ሥልጠና ሲገባ የሚቋረጠው የብዙ ሰው ገቢ ነው። ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ለሁለት ዓመት ቤቱን ብቻዋን ትሸከማለች ወይም ይሸከማል። ልጆች አባታቸውን ወይም እናታቸውን በስልክ ያውቋቸዋል።

ከተቀጠሩም በኋላ መለያየቱ አያበቃም። የአየር መንገዱ የአዲስ አበባ ማዕከል በሌሊትም ይሠራል፤ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ብዙ በረራዎች የሚነሱት በምሽት ነው። አዲስ ተቀጣሪ ፋሲካንና እንቁጣጣሽን በሌላ አገር ሆቴል ሊያሳልፍ ይችላል፤ ምክንያቱም በዓል ላይ እረፍት የሚመርጡት ቀድመው የተቀጠሩ ናቸው። የዕድር ቀጠሮና የልቅሶ ጥሪ በመርሐ ግብሩ አይቆጠሩም። ለቤተሰቡ ምሰሶ የነበረ ሰው በቁም ሳይታይ ይሰነብታል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለፉ ሰዎች ግን አሉ። አምሳለ ጓሉ ባሕር ዳር የተወለደች ናት፤ ወደ ሥልጠናው የገባችው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር ተምራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ተመርቃ ፎከር 50፣ ቦይንግ 737፣ 757 እና 767 ላይ በረዳትነት በረረች። ጥቅምት 4 ቀን 2003 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደርና ወደ አክሱም በካፒቴንነት በረረች። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ወደ ባንኮክ የሄደውን ሁሉም ሠራተኞቹ ሴቶች የሆኑበትን በረራ መርታለች። አርክቴክቸሩን ትታ ወደ ሌላ መስመር በመግባቷ የመጀመሪያ ጥረቷ ባክኗል ሊባል አይችልም።

ቤሲ ኮልማን የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት አብራሪ ናት። በቺካጎ ጥፍር ታሳምር ነበር። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በቆዳ ቀለሟና በሴትነቷ ምክንያት አልተቀበሏትም። ፈረንሳይኛ ተማረች፣ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረች፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 1921 በ29 ዓመቷ ፈቃድ አገኘች። ጆን ሮቢንሰን ደግሞ የመኪና መካኒክ ነበር። ቺካጎ የሚገኘው የበረራ ትምህርት ቤት ሲከለክለው በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥሮ ከክፍሉ ጥግ ትምህርቱን ሰማ። እ.ኤ.አ. በ1935 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ አየር ኃይሏን አዘዘ። ከነጻነት በኋላም ተመልሶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠለጠነ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ አዲስ አበባ ላይ ሞተ። ኮልማንንና ሮቢንሰንን ያዘገያቸው ስንፍና አልነበረም፤ በሩ ነበር።

የሰቆጣም ታሪክ ከዚህ አይለይም። አንድ ሰው በ30 ዓመቱ ገና ሕልሙን ይዞ ከቆመ፣ ከዚያ በፊት ያሉትን ዓመታት የወሰዱበት ብዙ ጊዜ ድርቅ፣ ጦርነት፣ የትምህርት ቤት ርቀትና የቤተሰብ ኃላፊነት ናቸው። ስለዚህ የዕድሜ ጣሪያን ለሁሉም በአንድ ልክ መቁረጥ ፍትሐዊ አይደለም። አየር መንገዱ ወጪውን በአገልግሎት ዘመን ለመመለስ ማሰቡ ተገቢ ነው። ነገር ግን ትምህርት በጦርነት ለተቋረጠባቸው አካባቢዎች፣ የጎደለውን ዓመት የሚያካክስ የተወሰነ የዕድሜ ማራዘሚያ ማድረግ የበረራ ደኅንነትን አይነካም። ብቃት የሚለካው በሕክምናው፣ በፈተናውና በሲሙሌተሩ ነውና።

ለክልሉ ትምህርት ቢሮና ለዋግ ኽምራ አስተዳደርም የሚሆን ሥራ አለ። በሰቆጣ ትምህርት ቤቶች ስለ ሙያው፣ ስለ ሕክምና መስፈርቱና ስለ እንግሊዝኛ ብቃቱ በጊዜ የሚያስረዳ ሰው ቢኖር፣ ብዙ ልጅ ሕልሙን በ30 ሳይሆን በ17 ያሰላው ነበር። የአገሪቱ ባንኮችም ለሥልጠና ብድር የሚሰጡበትን መንገድ ከአየር መንገዱ ጋር ተነጋግረው ቢያዘጋጁ፣ ዕድሉ ገንዘብ ላላቸው ብቻ አይቀርም።

ሕልሙን ይዞ ለሚጠብቅ ጎልማሳ አንባቢ የሚሆነው ምክር ደግሞ ይህ ነው፦ ቤት ከመሸጥህ፣ ሥራ ከመልቀቅሽ በፊት ቀድማችሁ የአንደኛ ደረጃ ሕክምና ምርመራ አድርጉ። ከዚያ ከ65 ላይ ዕድሜያችሁን ቀንሳችሁ፣ ሥልጠናውንና የረዳትነት ዓመታቱን አውጥታችሁ የሚቀረውን ቁጠሩ። ቁጥሩን ከትዳር ጓደኛችሁና ከወላጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ተወያዩበት፤ ዋጋው የሚከፈለው በጋራ ነውና ውሳኔውም የጋራ ይሁን።